ትጥቁ ጠቧል

ማክሰኞ ጠዋት፣ ቁርስ ተነሥቶ ጠረጴዛው ገና ሳይወለወል፣ የቤቱ ታላቅ ልጅ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። እናቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ታናሽ ወንድሙን አየ፤ የሚያየው ሰው ሲያልቅበት ግድግዳውን አየ። ከዚያ መርዶ እንደሚያረዳ ሽማግሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ትጥቁ ጠቧል» አለ።

«የቱ ትጥቅ?» አለች እናቱ፣ በቤቱ ውስጥ ሌላም ያለ ይመስል።

«የኔው። ስፖንጁ በሙቀት ተሰብስቧል። ጎንና ጎኑ አልገጥም ብሏል።»

ሚስቱ ዓይኗን ከሆዱ ላይ አንሥታ የሻይ ብርጭቆዋ ላይ አሳረፈችው። «ይሰበሰባል» አለች። «የስፖንጅ ጠባይ ነው።»

«የዘንድሮ ሙቀት ያልሰበሰበው ምን አለ?» አለች እናት። «የኔን ቀሚሶች አንድ ሳያስቀር ነው የሰበሰበብኝ።»

ታናሽየው ሳቁን ከሻዩ ጋር ሊውጠው ሞክሮ ትን አለው። እናቱ ከጠረጴዛው ሥር በእግሯ ነካ አደረገችው። ሳሉ ቆመ። ነገሩ በዚሁ ተወሰነ፤ የጠበበው ትጥቁ ነው።

ታላቅየው ኮስፕሌየር ነው። ከጌም ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ ይመርጣል፣ ልብሱን በእጁ ይሠራል፣ ይለብሳል፣ ከዚያ ሄዶ ይቆማል። ሰው አጠገቡ እየቆመ ፎቶ ይነሣል። ሱቅ ሲመረቅ፣ አዲስ ጌም ሲወጣ፣ የባለጸጋ ልጅ ልደት ሲሆን ይጠሩታል። ብዙዎች ይህን የሚያደርጉት ለመዝናናት ነው፤ እሱ ግን የቤት ኪራይ የሚከፍለው በመቆም ነው። እናቱ መጀመሪያ ላይ ለጎረቤት ማስረዳቱ አቅቷት ነበር። «ልጅሽ ምን ይሠራል?» ሲሏት «ይለብሳል» ማለት ከበዳት። ኋላ የገጸ ባሕርዩ ስም «የጭጋግ ጠባቂ» መሆኑን ስትሰማ እፎይ አለች። «ጥበቃ ላይ ነው» ትላለች። ሰሚው የባንክ ዘበኛ ይመስለዋል፤ እሷም አታርምም።

ይህ ጠባቂ ከእግር እስከ ራሱ ብረት የለበሰ ተዋጊ ነው። አይናገርም። አይቸኩልም። ፊቱን ያየ የለም። ብረቱ ታዲያ ብረት አይደለም፤ ስፖርት ቤት ወለል ላይ የሚነጠፈው ወፍራም ስፖንጅ ነው። በቢላ ይቆረጣል፣ በፀጉር ማድረቂያ ይሞቃል፣ ጉልበት ላይ ይለመጣል፣ በማስቲሽ ይጣበቃል፣ ብርማ ቀለም ይነፋበታል። ያ ሁሉ ተደክሞበት እንደ አዲስ ሲያበራ ደግሞ በጥቁር ቀለም ሆን ተብሎ ይቆሽሻል፤ አዲስ ትጥቅ የለበሰ ተዋጊ ተዋግቶ የማያውቅ ነውና። ታላቅየው ይህን ትጥቅ ለብሶ ዓሥር ዓመት ቆሟል። ጥበቡ ሁሉ አለመነቃነቅ ነው። ዝንብ የራስ ቁሩ ላይ አርፋ፣ ተጸዳድታ፣ ጊዜዋን ወስዳ ስትሄድ እንኳ ፍንክች አይልም። ይህንንም ለሰው ሁሉ ይናገራል፤ ዝንቧን ሳይቀር።

«ቅዳሜ የአሻንጉሊት ሱቅ ምረቃ አለብኝ» አለ። «ቃል ገብቻለሁ። ትጥቁ እስኪላላ ድረስ፣ ለጊዜው . . .»

ሁሉም ወደ ማሙሽ ዞሩ። ማሙሽ ታናሽየው ነው። ጢም ካበቀለ ቆይቷል፤ የሕፃንነት ስሙ ግን አልለቀቀውም። ቀጥ ያለ፣ እንደ መወልወያ እንጨት ቀጭን ነው። አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጥግ ተቀምጦ የተሰበረ የስልክ መስታወት ይቀይራል።

«እኔ?» አለ።

«ቁመትህ ልክ ነው። ቆመህ መዋል ነው፤ ያን ያህል የሚከብድ ነገር የለውም» አለ ታላቅየው። ከአፉ እንደወጣ ቆጨው። ዓሥር ዓመት ሙሉ እንደሱ የሚከብድ ነገር በምድር ላይ የለም ሲል ነው የኖረው።

«እስኪላላ ብቻ ነው» አለ ማሙሽ።

«እስኪላላ» አለች እናት።

ሚስትየው መጋረጃ ሰፊ ናት። ምን እንደሚላላና ምን እንደማይላላ ከእነሱ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

ቅዳሜ ዕለት፣ የአሻንጉሊቱ ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ ካርቶኖች መሀል፣ ታላቅየው ወንድሙን አለበሰው። ዘለበቶቹ አንድ በአንድ ጠቅ፣ ጠቅ እያሉ ገጠሙ። በእሱ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ እንዲህ የገጠሙት መቼ ነበር? ማሰብ አልፈለገም።

«ስማ» አለ። «የራስ ቁሩ ውስጥ የምታየው ጣት የምታክል ስንጥቅ ብቻ ነው። ወለሉን አታይም፣ ሕፃን አታይም፣ ደረጃ አታይም። እኔ መሪህ ነኝ። ቀኝ ትከሻህን ስነካህ ወደ ቀኝ፣ ግራህን ስነካህ ወደ ግራ። ሙቀቱ ከበደህና መውጣት ፈለግህ እንበል፤ ቀኝ ጡጫህን ደረትህ ላይ ታደርጋለህ። ሰው ሰላምታ ይመስለዋል፤ ለኔ ግን አውጣኝ ማለት ነው።»

«አሪፍ ነው ጋሼ። አንተ ነህ ምልክቷን ያወጣሃት?»

«ማን ይሆናል ታዲያ?» አለና ልቡ ትንሽ ቀና አለ። ከዚያ የጓዳው በር ተከፈተ።

ታላቅየው በተራ ሸሚዝ፣ ትከሻው ላይ ቦርሳ አንጠልጥሎ፣ ቀጭን ቱቦ የተሰካበት የውሃ ጠርሙስ ይዞ ከጠባቂው ኋላ ወጣ። በዓሥር ዓመት ውስጥ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ሌላ ሲልክ ያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ነበር። እንደ ዕቃ መደርደሪያ ዞረው አለፉት። አንዲት ሴት ስልኳን ከፊቷ ሳታወርድ፣ «አንተ ባለ ቦርሳው፣ ከፎቶው ውጣልን» አለችው። ወጣ።

ከዚያ አንዲት ሕፃን መጣች። ጠባቂውን ሽቅብ ከማየቷ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ታላቅየው አልደነቀውም፤ ሕፃን ሲያለቅስ ጠባቂው ባለበት ይቆማል፣ እናት ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ይኬዳል። ደንቡ ይኸው ነው። ማሙሽ ግን ደንቡን ማን ነግሮት? ቀስ ብሎ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። ያን ትልቅ የብረት ጭንቅላት ወደ አንድ ወገን ዘንበል አደረገው፤ «ምነው? ማን ነካሽ?» የሚል አጎት ይመስላል። ሕፃኗ ለቅሶዋን በመሀል አቆመች። አየችው። እሷም አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«ውይ!» አለ ሱቁ በሙሉ።

ታላቅየው ጎንበስ ብሎ ወደ ራስ ቁሩ ጆሮ ተጠጋ። «አንገት! አንገትህን አቅና!»

«ምን?» አለ ትጥቁ።

«ጠባቂው አንገቱን አያዘነብልም!»

«ልጅቷ እኮ እያለቀሰች ነው፣ ጋሼ።»

«ታልቅሳ! ሁልጊዜም ያለቅሳሉ!»

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ትጥቁ የተጠቀለለበትን ከረጢት ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ታላቅየው ስልኩን ከፈተ። የዕለቱን ፎቶ በራሱ ገጽ ላይ ለጥፎት ነበር። ተከታዮቹ ከሥሩ አስተያየት እያጎረፉ ነው። «ጠባቂው ዛሬስ ነፍስ ዘራ!» ይላል አንዱ። «ድሮ ሐውልት ነበር የሚመስለኝ፤ ዛሬ አስለቀስከኝ» ይላል ሌላው። «የት ነበርክ እስከ ዛሬ?» ትላለች አንዷ፣ ልብ አስከትላ።

ደጋግሞ አነበባቸው። የተመሰገነው እሱ ነው፤ ገጹ የእሱ ነው፣ ፎቶው ሥር ያለው ስም የእሱ ነው። የተሰደበውም እሱ ነው፤ ያ «ድሮ» የሚሉት የእሱ ዓሥር ዓመት ነው። ሰው በገዛ ስሙ እንዲህ ሲቀና አይቶም ሰምቶም አያውቅም። «አመሰግናለሁ፤ ጠንክሬ እየሠራሁ ነው» ብሎ መለሰ።

«ምን አሉ ጋሼ?» አለ ማሙሽ፣ ላቡ ገና ሳይደርቅ።

«ትጥቁ አምሯል አሉ።»

ሳምንታት አለፉ፤ ትጥቁ አልላላም። ታላቅየው እራት ላይ «አልራበኝም» ብሎ ሳህኑን ይገፋል። እናቱ «ልጄን ምግብ ዘጋው» እያለች ታዝናለች። ከዚያ ማድ ቤት ይገባና ቆሞ ይበላል። ቆመው የበሉት አይቆጠርም የሚል እምነት ነበረው። በየቅዳሜው ማሙሽ ይለብሳል፤ እሱ ቦርሳ ይይዛል። በየቅዳሜው አስተያየቱ ይብሳል። «አንገቷን እንዳትተዋት!» ይሉታል። ማሙሽ ደግሞ ከአንገቷ ሌላ መጨመር ጀመረ፤ ለሽማግሌ ጎንበስ ይላል፣ በሩን ለሴቶች ይከፍታል፣ አንድ ቀንማ የወደቀ አይስክሬም አይቶ በሐዘን የራስ ቁሩን ነቀነቀ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ታላቅየው ጥርሱን ነከሰ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ትጥቁን ከመስቀያው አወረደው። ሚስቱ ደንበኛ ቤት መጋረጃ ሰቅላ ስትመለስ መኝታ ቤቱ ወለል ላይ እንደ ተገለበጠ ኤሊ ወድቆ አገኘችው። አንድ እጁ ወጥቷል፤ ሌላው ጆሮው ሥር ተቀርቅሮ ጣራውን ይጠቁማል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ላልቶ እንደሆነ እያየሁ ነው።»

«ላልቷል?»

«ትንሽ።»

ተንበርክካ ዘለበቶቹን ፈታች። እጁን እንደ ሕፃን እጅ ጎትታ አወጣችው። ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ለምን አትተወኝም፣ ጎንና ጎኑን ልሰንጥቀውና ከዚያው ስፖንጅ ልጨምርበት?» አለች። «ላዩን ትቀባዋለህ። ማን ያውቃል? ቅዳሜ ራስህ ትለብሳለህ።»

ፊቱ በራ። እንዴት እስከ ዛሬ አላሰበውም? ነገ ቢጀመር ሐሙስ ያልቃል፤ ቅዳሜ ማሙሽ ወደ ስልኩ፣ እሱ ወደ ቦታው። «ትችያለሽ?»

«መጋረጃ የሚሰፋ ሰው ይህ ያቅተዋል? ተነሣ፣ ልለካህ።»

አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ሳብ አደረገች። ታላቅየው ሜትሩን እባብ እንዳየ ሰው አየው።

«እኔን ምን ትለኪኛለሽ? የጠበበው እሱ አይደል? እሱን ለኪ!»

«እሱንማ ለክቼዋለሁ፤ ያው ነ . . .»

ከንፈሯን ነከሰች። ከውጭ የአንድ ሰው ሬዲዮ የአየር ትንበያ ይናገራል።

«ሜትሩም» አለ ታላቅየው ቀስ ብሎ፣ «በሙቀት ተሰብስቦ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች። ሜትሯን ጠቅልላ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

እንዲህ ሆኖ፣ የወገብ ልክ በመስጠት ብቻ የሚያልቅ ነገር ሳያልቅ ቀረ። ሌሎች በቅናት ሲቃጠሉ መውጫ ያጣሉ፤ እሱ መውጫው ሚስቱ ኪስ ውስጥ እንዳለ እያወቀ መቃጠሉን መረጠ።

በነጋታው ስልክ ተደወለ። የትልቁ የገበያ ማዕከል የዝግጅት ኃላፊ ነኝ አለች ሴትዮዋ። ከላይ ያለውን የጌም ፎቅ ሊከፍቱት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜና እሑድ የሚቆም ጠባቂ ይፈልጋሉ። ታላቅየው ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ መለመን የሚያበቃበት፣ ማሊያ እንደለበሰ ተጫዋች ቋሚ ቦታ የሚኖርበት፣ ሲመኘው የኖረው ነገር ነበር።

«ጠባቂው ራስህ ነህ አይደል?» አለች።

«ራሴ ነኝ።»

«ጎበዝ። ቅዳሜ ምረቃው ላይ መጥተህ ቁምልን፤ ከሰው ጋር እንዴት እንደምትሆን አይተን ውሉን እንፈርማለን። ብቻ አደራህን፣ ያቺን ነገር እንዳትረሳት።»

«የቷን?»

«ያቺን የአንገት ነገር! ቢሮ ውስጥ ሁላችንም እሷን እየሠራን ሥራ ፈትተናል።»

«እሷ እንኳ . . . ቀላል ናት።»

«ላንተ!» ብላ ሳቀች።

ስልኩን ዘግቶ መስታወት ፊት ሄዶ ቆመ። አንገቱን ዘንበል አደረገ። ጅማት የዞረበት ሰው መሰለ። ወደ ሌላው ጎን ሞከረ። አሁን ደግሞ ጆሮው ውስጥ ውሃ የገባበት መሰለ። እናቱ በኮሪደሩ ስታልፍ አየችው።

«አንገትህን ምን ሆነህ ነው አባቴ? ትራስ ነው?»

«ትራስ ነው።»

«ና ልሽህ» ብላ ቅባት አምጥታ አሸችው። ምን ይላል? ታሸ።

ማታ ማሙሽ ከሥራ ሲገባ ሳሎን ጠበቀው። «እስቲ ያንን የምታደርገውን አድርገው» አለው። «ስህተቱን እነግርሃለሁ።»

ማሙሽ አደረገው። ያለ ትጥቅ፣ በካልሲ፣ ጫማውን በእጁ እንደያዘ። እንዲያም ሆኖ ያምር ነበር።

«እንዴት ነው የምታስበው? ስንት ትቆጥራለህ? ከትከሻ ነው የምትጀምረው?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። ምንም አላስብም። ሰውየውን አየዋለሁ፣ ከዚያ አንገቴ ይሄዳል።»

«አንገትህ ይሄዳል።»

«አዎ።»

ታላቅየው ያን ጌም ስክሪኑን እያቆመ፣ እርምጃ በእርምጃ እየቆራረጠ፣ የጠባቂውን የካባ እጥፋት ሳይቀር ሲያጠና ነው ወጣትነቱ ያለቀው። ይሄ ደግሞ አንገቱ ይሄዳል።

«ስህተቱ ምንድን ነው?» አለ ማሙሽ፣ የምር ለማወቅ ፈልጎ።

«ብዙ ነው» አለ ታላቅየው። «ለማንኛውም ቅዳሜ የመጨረሻህ ናት። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ትጥቁ ይላላል።»

«እሺ» አለ ማሙሽ። እሺ ለማለት ግን ትንሽ ቆየ። ታላቅየው ያቺን ትንሽ መቆየት ይዟት ገብቶ ተኛ።

ቅዳሜ የጌሙ ፎቅ ላይ የአየር ማቀዝቀዣው ሥራ አቁሞ ነበር። ማንም ግድ አልሰጠውም። ሰልፉ ከመድረኩ ተነሥቶ፣ የጫማ መደብሩን ዞሮ፣ እስከ ተንቀሳቃሹ ደረጃ ደርሷል። እናት ከጎረቤቷ ጋር ፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሚስትየው ምሰሶ ተደግፋለች። ኃላፊዋ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ እጇን አጣምራ፣ ፈገግ ብላ ታያለች።

ማሙሽም ያን ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ በለጠ። እያንዳንዱን ሰው እንደ ዘመድ ተቀበለ። ወጣቶች እየመጡ ፊቱ ቆመው አንገታቸውን ያዘነብላሉ፤ እሱም ያዘነብላል፤ ሰልፉ ይስቃል። ኃላፊዋ አጠገቧ ላለ ሰው አንድ ነገር ሹክ አለች፤ ሰውየው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ታላቅየው ቦርሳውን እንዳነገተ አየ። እነዚህ ሰዎች የእሱ ሰዎች ነበሩ። ያን የደረት ትጥቅ በማስቲሽ ሲያጣብቅ ጣቱ ተቃጥሎ ጠባሳው አሁንም አለ። ቀና ብሎ ያየው አንድ ሰው የለም።

ያኔ ጠባቂው ቀኝ ጡጫውን አንሥቶ ደረቱ ላይ አደረገ።

ሰልፉ ደስ አለው። ሁሉም ጡጫቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላምታውን መለሱ።

ታላቅየው አየ። ማየቱንም አወቀ። እጁ ወደ ቦርሳው ሄዶ ዚፑ ላይ ቆመ። «ሰላም ማለቱ ነው» አለ ለራሱ። «ተወደደ፤ ሰላም ይበል።» ዚፑን አልከፈተውም።

ሁለት ሰዎች ፎቶ ተነሥተው ወረዱ። ጡጫው እንደገና ተነሣ፤ ከመጀመሪያው ዘግየት ብሎ። ሰልፉ እንደገና መለሰ፤ ከመጀመሪያው ሞቅ ብሎ። አንዱ «ክብር ላንተ!» ብሎ ጮኸ። እናትም ከአግዳሚው ላይ፣ ኮራ ብላ፣ ጡጫዋን ደረቷ ላይ አደረገች።

ይህን ያህል ከወደዱህ፣ አለ ታላቅየው በሆዱ፣ እንግዲህ ተወደዳ። ጥገብ።

ጡጫው ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሣ ደረት ድረስ ለመድረስ መንገድ ላይ አረፈ። ሚስቱ ከምሰሶው ተነሥታ መጣች።

«ማሙሽ ምልክቱን እየሰጠህ ነው።»

«ሰላምታ ነው።»

«ሦስት ጊዜ?»

«ሰላምታ ያበዛል፤ ጠባዩ ነው።»

አየችው። ስለ ስፖንጁ፣ ስለ ሜትሩ፣ ስለተገፋው እራት እንዳላየች ሆና ያለፈችውን ሁሉ አሁን አንድ ላይ የምታየው መሰለው። ከዓይኗ ለመሸሽ ወደ መድረኩ ዞረ። ጠባቂው አንገቱን ዘንበል አድርጓል። ሰልፉ «ውይ!» ይላል። ፊት ለፊቱ ግን ማንም አልነበረም።

ታላቅየው ቦርሳውን ጥሎ ሮጠ። አንገቱ ሥር ያሉትን ዘለበቶች ሳያያቸው በጣቱ አገኛቸው፤ እሱ ነዋ የሠራቸው። የራስ ቁሩን ይዞ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ስልክ ሁሉ ተደቅኖ፣ ወደ ላይ ሳበው። በዓሥር ዓመት ውስጥ አድርጎት አያውቅም። ጠባቂው ፊት የለውም።

አሁን ግን ነበረው። በላብ የታጠበ፣ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ የተለጠፈ፣ ከንፈሩ የነጣ ፊት። ማሙሽ አፉን ከፍቶ አየሩን እንደ ውሃ ጠጣ። ሚስትየው ጠርሙሱን አቀረበችለት። ታላቅየው የራስ ቁሩን ታቅፎ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ሊመጣ ያለውን ጫጫታ ጠበቀ። «ሌላ ሰው ነው!» ሲሉ፣ «አታለሉን!» ሲሉ፣ ውሉ ሲቀደድ በዓይኑ ታየው።

«ዛሬ ብቻ ነው» አለ ወደ ኃላፊዋ ዞሮ። «ወንድሜ ነው። እኔ ዛሬ ትንሽ . . . ትጥቁ . . .»

ኃላፊዋ ወንበር ይዛ በአጠገቡ አለፈች።

«ማሙሽ፣ ቁጭ በል» አለች። «በአንዴ እንዳትጠጣው፤ ቀስ እያልክ።»

ታላቅየው ሚስቱን አየ። ስሙን ማን ነገራት? ሚስቱ የማሙሽን አንገት በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፤ ቀና አላለችም። ወደ ሰልፉ ዞረ። ማንም አልጮኸም። መጀመሪያ ላይ የቆመችው ወጣት አንገቷን አስግጋ፣ «ደህና ነው?» አለች። «ይረፍ፣ ችግር የለም፤ እንጠብቃለን።»

«ማን እንደሆነ . . . ታውቃላችሁ?»

«ከአሻንጉሊቱ ሱቅ ጀምሮ» አለች፣ ምን ጥያቄ ነው በሚል ፊት። «ከዚያን ቀን ወዲህ ትጥቁ ልኩ ነዋ።»

ከአግዳሚው ወንበር የእናቱ ጎረቤት ድምፅ ተሰማ። «ትንሹ ነው አይደል?»

«ትንሹ ነው» አለች እናት። ከዚያ ስለ አየሩ እንደምታወራ ሁሉ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ትልቁማ ወፈረብኝ» አለች። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ማንም ወደ እሷ አልዞረም።

ማሙሽ ትንፋሹ ሲመለስ፣ ጠርሙሱን ጉልበቱ ላይ አቁሞ ወደ ላይ አየ።

«ጋሼ» አለ። «አላየኸኝም ነበር?»

ታላቅየው በሙቀት የሚያሳብበው ነገር ፈለገ፤ አላገኘም።

«አይቼሃለሁ» አለ።

ማሙሽ ራሱን ነቀነቀ። ጠርሙሱን ለሚስትየው ሰጥቶ ተነሣ። የራስ ቁሩን አልተቀበለም፤ ባዶ ራሱን ወደ መድረኩ መሀል ሄዶ ቆመ። ሰልፉ አንድ እርምጃ ተጠጋ።

መጀመሪያ ላይ ያለችው ወጣት ስልኳን ለታላቅየው ዘረጋችለት።

«ወንድም፣ አንዴ ታነሣናለህ?»

የራስ ቁሩን የት እንደሚያደርገው ግራ ገባው። መጨረሻ ላይ ብብቱ ሥር ሸጎጠውና ስልኩን ተቀበለ። እርምጃውን እየቆጠበ ወደ ኋላ ሄደ። በስልኩ መስታወት ላይ የዓሥር ዓመት ትጥቁ ከአንገት እስከ እግር አንድም ቦታ ሳይከፈት ቆሟል። ከላዩ የወንድሙ ፊት አለ፤ በቀጥታ ያየዋል።

«ትንሽ ጠጋ በሉ» አለ።

ተጠጉ። ልጅቷ ሳቀች። ማሙሽ አልሳቀም። ታላቅየውም ሳቅ በል አላለውም፤ አነሣው።